የእናና ወለል እስኪሞቅ

ሰው ቤት ሲሠራ ዓይኑ ጣሪያ ላይ ነው። እኛ መንደር አዲስ ቤት የሠራ ሁሉ እንግዳውን ደጅ ላይ አቁሞ «ቆርቆሮውን አየኸው? እስቲ ቀና ብለህ እየው!» ይለዋል። «ጫማህን አውልቅና ወለሉን ርገጠው» ያለ ሰው ግን በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። ዕድሜዬ አሥራ ስድስት ቢሆንም ቤት ሲሠራ ብዙ አይቻለሁ። እኔ ባለፉት ወራት ስለ ወለል ያሰብኩትን ያህል ስለ ትምህርቴ ባስብ ኖሮ እስካሁን ዶክተር ሆኜ የእናናን ጉልበት ራሴ አክመው ነበር።

ይኸው፣ ገና ከመጀመሬ እናናን አነሳሁ። የአማርኛ መምህራችን ድርሰቴን በሰልፍ ላይ ለተማሪው ሁሉ ካነበቡልኝ ወዲህ እስክሪብቶዬ እንደ ተፈታ ጥጃ ሆናለች፤ ወደፈለገችበት ትሮጣለች፣ እኔ ከኋላ ከኋላ እከተላለሁ። ታገሡኝ፤ እደርስባታለሁ።

እናና የአባቴ እናት ናቸው። ቁመታቸው አጭር፣ ምላሳቸው ረጅም፣ ነጠላቸው ሁልጊዜ ንጹሕ። እናና አሁን ከእኛ ጋር የሉም። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር የመጣ ጣጣ ነው።

አትደንግጡ፣ በሕይወት አሉ። የሄዱት ከደብረ ኤልያስ በታች ቆላው ውስጥ ወደተዳረችው ወደ አክስቴ ቤት ነው። የሄዱትም በብርድ ምክንያት ነው። የእኛ ቀበሌ ከደብረ ማርቆስ ሽቅብ ወደ ጮቄ ሲወጡ ነው። ብርዳችንን ለማያውቅ ሰው እንዲህ ልንገረው፤ እኛ ዘንድ ሰው ሲስቅ ጥርሱ አይታይም፣ ጋቢው ውስጥ ነው የሚስቀው። በኅዳር ጠዋት ፊቱን የታጠበ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲያወራው ይውላል። እሳት ብናነድም እሳቱ ፊታችንን ይለበልብና ጀርባችንን ይረሳዋል። እናና ደግሞ ካለፈው በፊት ከነበረው ክረምት ጀምሮ ጉልበታቸውን ብርድ ገባው። ከመደባቸው ሲነሡ ሦስት ቅዱሳን ጠርተው፣ አራተኛው ላይ ነበር የሚቆሙት።

በቅሎዋ ላይ ሲወጡ ልጓሙን ይዤ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

«መቼ ነው የሚመጡት እናና?»

«ወለሉ ሲሞቅ!»

«የቱ ወለል?»

«የምተኛበት ነዋ! ወለሉ የሞቀ ዕለት ጥሩኝ፣ ያለ በቅሎ በእግሬ እመጣለሁ።»

ሸኚው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። እኔ እንደ ውል ያዝኩት።

አባቴም የሳቀ መስሎኝ ነበር። አባቴ «ናፈቀኝ» የሚለው ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ሲናፍቅ አጥር ያጥራል። እናና ከሄዱ ወዲህ ግቢያችንን ሦስት ጊዜ አጥሮታል፤ አሁን ድመት እንኳ ለመግባት ታንኳኳለች። ሦስተኛውን አጥር ሲጨርስ «ቤት ልሠራ ነው» አለ። የሣር ክዳኑን ቤት ትቶ፣ ቆርቆሮ ያለው፣ አራት ክፍል። «አንዱ ክፍል የማን ነው?» አልኩት። «የሰው ነው» አለኝና ችካሉን መትከል ቀጠለ።

ለቆርቆሮው ቦራ ተሸጠች። ቦራ የእናና ላም ናት። ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት፣ ከእናና በቀር ማንንም የማታከብር፣ እኔን በተለይ የምትንቅ። እናና በእጃቸው ያሳደጓት ናት፤ መሸጧን ግን ማንም አልነገራቸውም። እሑድ እሑድ በአክስቴ ስልክ ይደውላሉ። እናና ስልክ ሲያወሩ ሩቅ ስለሆንን ይመስለኛል ይጮኻሉ።

«ቦራ ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት» ይላል አባቴ፣ ቀና ብሎ ወደ አዲሱ ቤት ጣሪያ እያየ። አንድ ቃል ውሸት አልነበረበትም። ቦራ ያን ጊዜ ጣሪያ ላይ ነበረች።

«እርስዎስ እማማ? እዚያ ሙቀቱ ተስማማዎት?»

«ሙቀቱስ ሞልቶ! እንቅልፍ ነው የጠፋ። ከበታቼ የሚያመነዥግ የለ፣ ምን የለ። ዝም ያለ ቤት ነው። ዝም ያለ ቤት ውስጥ ሰው እንዴት ይተኛል?»

ይህንን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሰምቼም አልፌዋለሁ። የኔን ጅልነት የምትመዘግቡ ከሆነ አንድ በሉ፤ ገና ብዙ አለ።

አንድ ቀን የፊዚክስ መምህራችን ስለ ፍሪጅ አስተማሩን። ፍሪጅ ብርድ አይሠራም፣ ሙቀት ነው የሚያወጣው አሉ። ከሆዱ ውስጥ ያለውን ሙቀት ስቦ በጀርባው ይተፋዋል። ያንኑ ዘዴ አገላብጠው ቤት የሚያሞቁበት አገር አለ፤ ማሽኑ ሂት ፓምፕ ይባላል፤ ውጭው ውርጭ ቢሆን እንኳ ከውርጩ አየር ሙቀት ለቅሞ ወደ ቤት ያስገባል። እኔ ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማሁም። ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ የአባቴን ስልክ ይዤ ፈለግሁ። አንድ ቪዲዮ ላይ ከወለል ሥር ቀጭን ቧንቧ እንደ እባብ ተጠማዝዞ ይነጠፋል፣ በውስጡ የሞቀ ውኃ ይዞራል፣ ከላይ አንድ ሕፃን በባዶ እግሩ ይድኻል። በመስኮቱ ውጭው በረዶ ነው። በሕይወቴ በሕፃን የቀናሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

ማታ እራት ላይ ነገሩን ከፈትኩት።

«አባዬ፣ ወለል የሚያሞቅ ማሽን አገኘሁ።»

«የት?»

«ስልክ ላይ።»

«ስልክ ላይማ ምን የሌለ አለ?» አለች እናቴ። «ሙቀቱን ከየት ያመጣዋል?»

«ውጭ ካለው ብርድ።»

እናቴ ጉርሻዋን አስቀመጠች። «ከብርድ ሙቀት የሚወጣ ከሆነማ እኛ የዚህ አገር ባለጸጋ ነን! እስካሁን ምን ነክቶን ዝም አልን?»

አያ ታዘበው አብሮን ነበር። አያ ታዘበው ቤታችንን የሚሠራው አናጢ ነው፤ በአካባቢው የቆመ ቤት ሁሉ የእጁ ሥራ ነው፤ የዘመመውንም ጭምር። ደብተሬ ላይ የሣልኩትን እባብ አገላብጦ አየና፣ «እኔ ወለል ሲረገጥ እንጂ ሲጣድ አላየሁም» አለ።

አባቴ እንጀራውን ቆርሶ ጎረሰ። ጠዋት ግን ሚስማር ልገዛ ነው ብሎ ተነሣና ከበሩ ላይ ዞረ። «ያችን ማሽንሽን የጻፍሽባትን ደብተር ይዘሽ ነይ።»

ደብረ ማርቆስ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ገባን። ባለሱቁ ጥያቄዬን ሁለት ጊዜ አስደገመኝና መደርደሪያውን ዞሮ አየ። «እሱ እንኳ አልቋል» አለ፤ መጥቶ የሚያውቅ ይመስል። «ግን ምድጃ አለ። ካውያም አለ፣ በጣም ነው የሚሞቀው።»

«ወለሉን በካውያ ልንተኩሰው?» አለ አባቴ።

ባለሱቁ ተናደደና ፎቅ ላይ ቢሮ ወዳለው ወደ አንድ ወጣት ኢንጂነር ሰደደን። ኢንጂነሩ ሂት ፓምፕ የሚለውን ቃል ከአፌ ሲሰማ የጠፋ ወንድሙን ያገኘ ያህል ከወንበሩ ተነሣ። ዩኒቨርሲቲ ሳለ ተምሮታል፣ በዓይኑ ግን አላየውም፣ ጠይቆት የሚያውቅም የለም። ወረቀት ዘረጋ። ሦስት ዓይነት አለ አለን፤ ሙቀቱን ከአየር የሚስብ፣ ከመሬት የሚስብ፣ ከውኃ የሚስብ።

አባቴ ወንበሩን ሳበ። የገበያ ፊቱን ሲያወጣ አየሁት። አባቴ በሬ ሲመርጥ የሚያወጣው ፊት አለ።

«ከሦስቱ ትንሽ የምትበላ የትኛዋ ናት?»

«መብራት ማለትዎ ነው? ከመሬት የምትስበው ቆጣቢ ናት። ግን ግቢው ሁሉ ይቆፈራል።»

«አጥሩስ?»

«አጥሩም ሊነሣ ይችላል።»

«እሷ ትቅር። የአየሯስ ጠባይዋ እንዴት ነው? ትጮኻለች?»

«ትንሽ ታጉረመርማለች።»

«ትራገጣለች?»

ኢንጂነሩ ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ ጣሪያው አየሁ።

«ስትታመምስ ማን ያያታል?»

«ባለሙያ ከአዲስ አበባ ይመጣል።»

«ኧረግ! የእኛ የከብት ሐኪም እንኳ ከወረዳ እስኪመጣ በሬው ወይ ይሞታል ወይ ይድናል።»

ከዚያ ኢንጂነሩ መብራት አላችሁ ወይ አለን። አለን አልን። «ሁልጊዜ?» ሲል ጠየቀን። አባቴና እኔ ተያየን። «የእኛ መብራት እንደ ዘመድ ነው» አለ አባቴ፣ «ሲመጣ ደስ ይለናል፣ ሲሄድ አንቀየምም።» ኢንጂነሩ እርሳሱን አስቀመጠ። ያቺ እርሳስ ስትቀመጥ የሰማሁት ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ማሽኑ ከውጭ አገር በትዕዛዝ ነው የሚመጣው፣ ቢመጣም የማያቋርጥ መብራት ይፈልጋል አለን። ፊቴን አይቶ አዘነልኝ መሰለኝ፣ ደብተሬን ተቀብሎ የቧንቧውን አነጣጠፍ አስተካክሎ ሣለልኝ።

«ከወለሉ በታች ምንድን ነው ያለው?» አለ እየሣለ።

«ቦታው ተረተር ነው። በታችኛው በኩል ድንጋይ ክበን ውስጡን አፈር ሞልተነዋል።»

«ደኅና አድርጋችሁ እዩት። ሙቀት የሚያዘው ከወለሉ በታች ባለው ነገር ነው።» ከዚያ መናገር ያልነበረበትን ተናገረ። «ለነገሩ ቧንቧው የሞቀ ውኃ ካገኘ፣ ውኃው በምን እንደሞቀ አይጠይቅም።»

አያችሁ? የተማረ ሰው ለማጽናናት ብሎ የሚናገራት ነገር ናት ጦሷ የማያልቅ።

በሚኒባሱ ስንመለስ አባቴ በመስኮት የሰውን አጥር ሲቆጥር መጣ። ቤት ስንደርስ ሚስማሩን እንዳልገዛ ታወቀ።

እኔ ግን ውል አለብኝ። የእናናን ክፍል ወለል እኔ ነኝ የምለቀልቀው አልኩ። እናቴ ተገረመች፤ እበት መንካት የማልወድ ልጅ ነኝ። ደስ ብሏት ለቀቀችልኝ። ከጎረቤት አሮጌ የመስኖ ጎማ ለመንኩ፤ ሁለት ቦታ ላይ በላስቲክ የታሰረ ነው፣ ግን የተሰጠ ጎማ ቀዳዳው አይታይም። በክፍሉ ወለል ላይ እንደ እባብ አጠማዘዝኩት፣ ጫፉን በግድግዳው ሥር ወደ ደጅ አወጣሁት፣ ከላዩ እበትና ጭቃ አልብሼ እንደ መስተዋት አሳመርኩት። አያ ታዘበው መጥቶ አየና «እጅሽ ይባረክ፣ ለትዳር ደርሰሻል» አለኝ። ስድብ መሆኑን አውቃለሁ፤ ያን ዕለት ግን ይቅር አልኩት።

ቅዳሜ የነፍስ አባታችን ቄስ እንየው አዲሱን ቤት ጠበል ሊረጩ ቀጠሮ ነበር። ከዚያች ሰዓት የተሻለ አይገኝም አልኩ። ከጓሮ በርሜል ውኃ ጥጄ አፈላሁና በጣሳ ወደ ጎማው ማንቆርቆር ጀመርኩ። ግማሹን ሳስገባ ሮጬ ገብቼ ጫማዬን አውልቄ ቆምኩ። መጀመሪያ ምንም የለም። ቀጥሎ ምንም የለም። ቀጥሎ ከውስጥ እግሬ ሥር አንድ ነገር ለብ አለ።

ለብ አለ! አምላኬን! ብቻዬን ዘለልኩ። እናና በእግራቸው ሲመጡ፣ በሩ ላይ ጫማቸውን ሲያወልቁ፣ እኔን በዚያ ረጅም ምላሳቸው ሲመርቁኝ ሁሉ ታየኝ። የቀረውን ውኃ ልጨምር ወደ ጓሮ ሮጥኩ። በሙሉ ልቤ፣ በሙሉ በርሜሉ ጨመርኩት።

ወደ ቤት ስመለስ ቄስ እንየው በር ላይ ናቸው። «ሰላም ለዚህ ቤት ይሁን» አሉ። አባቴ «ከእናቴ ክፍል ይጀምሩልን አባ» አላቸው። «ቆዩ» ልል አፌን ስከፍት ቄሱ ቀደሙኝ። መስቀላቸውን ከፍ፣ ልብሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ውስጥ ተራመዱ፤ ያ እንደ መስተዋት ያሳመርኩት ወለል እግራቸውን እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ዋጠው።

ቄሱ ወደ ታች ተመለከቱ። ከዚያ ወደ ጠበሉ ዕቃ። ከዚያ ወደ እኔ።

«ልጄ፣ ይህ ወለልስ ከእኔ በፊት ተጠምቋል።»

አንድ እግራቸውን ሲያወጡ ጫማቸው ቀረ። በካልሲያቸው ቆመው ትንሽ አሰቡና፣ «ደግሞ ሞቅ ይላል» አሉ ቀስ ብለው። ይህችን ቃላቸውን እስክሞት አልረሳትም፤ የደከምኩበትን ሥራ ያመሰገነ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

ምስጋናው አልቆየም። በላስቲክ የታሰረው ሁሉ ተፈትቷል፤ ውኃው በወለሉ ሥር ያለውን ሙሌት አፈር እየላሰ፣ በታችኛው በኩል ካቡን ጥሶ ወደ እናቴ ነጭ ሽንኩርት መደብ ወረደ። የክፍሉ መካከል እያዛጋ ተከፈተና ጉድጓድ ሆነ። እናቴ ከጓሮ «ማነው ሽንኩርቴን የሚቀቅልብኝ?» ስትል ተሰማ።

አባቴ ግን አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። ከጉድጓዱ አፍ የጎማውን ጫፍ ጎትቶ አየና «ምን ልታደርጊ ነበር?» አለኝ።

«እናና እንዲመጡ ነው።»

ጎማውን ቀስ ብሎ አስቀመጠው። ወጣና አራተኛውን አጥር ማጠር ጀመረ።

በማግስቱ ጠዋት ሰው ሳያየኝ ወደ እናና ክፍል ገባሁ። አያ ታዘበው ሰው እንዳይወድቅበት በጉድጓዱ ላይ ጣውላ አጋድሞበታል። ጫማዬ ስላልደረቀ በባዶ እግሬ ነበርኩ። ጣውላው ላይ ቆሜ ስለ ራሴ ማልቀስ ጀመርኩ። መሐል ላይ ልቅሶዬን አቋረጥኩ። እግሬ አልበረደውም። ከጣውላው ወረድኩ፣ ይበርዳል። ጣውላው ላይ ወጣሁ፣ ይሞቃል። ወረድኩ፣ ወጣሁ። አጎንብሼ በጣውላዎቹ መካከል ተመለከትኩ።

ሁለት ትልልቅ ዓይኖች አዩኝ። የቦራ ጊደር ናት። የፈረሰውን ካብ አልፋ፣ ከነፋሱ ሸሽታ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ተኝታ ታመነዥጋለች። እንደ እናቷ በንቀት አየችኝና ሞቅ ያለ ትንፋሿን ፊቴ ላይ ለቀቀችው።

እዚያው ጣውላው ላይ ተቀመጥኩ። አሮጌው ቤታችን ውስጥ ከብቶቹ ከታች ያድሩ ነበር፤ እናና ደግሞ ከላያቸው ቆጡ ላይ ይተኙ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አበባ መጥታ ሰውና ከብት በአንድ ቤት ማደር እንደሌለበት አስተማረችን። እውነቷን ነው፤ ቁንጫውና ዝንቡ ምስክር ነው። በረት ሠርተን ከብቶቹን አስወጣን፤ እናናንም ከቆጡ አውርደን መደብ ላይ አስተኛናቸው። ቤቱ ጸዳ፣ አጨበጨብን። እናና በዚያው ክረምት ነው ቅዱሳንን መጥራት የጀመሩት። ያን ጊዜ ያስወጣነው ከብት ብቻ መስሎን ነበር።

ስልክ ላይ ስፈልጋት የከረምኩት ማሽን ይህችው ናት። ከውርጭ ሣር ላይ ሙቀት ትለቅማለች፣ መብራት አትፈልግም፣ ትንሽ ታጉረመርማለች። ቦራም ስንት ዘመን ከእናና በታች ሆና ስታሞቃቸው ኖረች። እኛ ወስደን ቆርቆሮ አደረግናት፤ ይኸው አሁን ከላይ ሆና ታበርደናለች።

አባቴን ጠራሁት። አያ ታዘበውም ተከትሎት መጣ። «ጫማህን አውልቅ» አልኩት አባቴን። እንደ እብድ አየኝ፤ ግን አወለቀ። ጣውላው ላይ ወጣ። የእግሩን ጣቶች ዘረጋ። አያ ታዘበውም አወለቀና ወጣ። ሦስታችን በባዶ እግራችን ተደርድረን ቆምን።

«ከሦስቱ የትኛዋ ናት?» አለ አያ ታዘበው፤ የኢንጂነሩን ነገር ከእኔ ሰምቶ ነበር።

«አባዬ፣ ትራገጣለች?» አልኩት።

አባቴ ሳቀ። እናና ከሄዱ ወዲህ ሳቁን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ረስቼው ነበር፤ እንደ እናና ነው የሚስቀው።

አበባ ግን ከብቶቹን ከእናና ክፍል በታች ልናስገባ መሆኑን ስትሰማ አልሳቀችም። መዝገቧን ይዛ መጣችና ጉድጓዱን ዞራ ተመለከተች።

«ከብት ከሰው ጋር ማደር አቁመናል አላላችሁም?»

«ከሰው ጋር አይደለም፤ ከሰው በታች ነው» አለ አያ ታዘበው።

ክርክሩ ግማሽ ቀን ፈጀ። በመጨረሻ አበባ ቅድመ ሁኔታዋን አወረደች። የከብቶቹ በር በታችኛው በኩል፣ ከሰው በር የማይገናኝ። ድንጋይ የተነጠፈበት ወለል፣ ሽንቱ የሚወጣበት ቦይ፣ ሁለት መስኮት። የላዩ ጣውላ ድርብ፣ ቀዳዳ የሌለው። እበቱ በየቀኑ ይጠረጋል። «ማን ነው የሚጠርግ?» አለች። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እበት መንካት የማልወደው እኔ «እኔ ነኝ» አልኩ። አበባ ከመሄዷ በፊት «ለማጣራት ነው» ብላ ጫማዋን አወለቀችና ጣውላው ላይ ቆመች። ስታጣራ ቆየች።

አያ ታዘበው ሥራውን ፋሲካ ካለፈ በኋላ ጨረሰ። የእናና መደብ የሚሆንበት ጥግ ላይ ጡጫ የምታህል ቀዳዳ ከእንጨት ክዳን ጋር ሠርቶ አገኘሁት።

«ይቺስ ለምንድን ናት?»

«እማማ ሲተኙ የሚሰሙት ነገር ይፈልጉ የለ?» አለኝ። «ለአበባ እንዳትነግሪ።»

ያ እኔ ሰምቼ ያለፍኩት ነገር ትዝ አለኝ። አያ ታዘበው፣ ያ ወለል አይጣድም ያለው ሰው፣ እናና በስልክ የጮኹትን ከእኔ ይልቅ አዳምጧል።

እሑድ ከብቶቹ ከገቡ በኋላ እናና ደወሉ። ስልኩን ከአባቴ ነጠቅሁት።

«እናና! ወለሉ ሞቀ!»

«ውሸት!»

«ማርያምን!»

«በምን ሞቀ?»

ነገርኳቸው። ከፍሪጁ ጀምሬ፣ በኢንጂነሩ፣ በቄሱ ጫማ አድርጌ፣ እስከ ጣውላው። ሲስቁ ቆዩና በድንገት ሳቃቸውን አቆሙ።

«እስቲ አሰሚኝ።»

ክዳኗን አነሣሁ። ሆዴ ላይ ተኝቼ ስልኩን ወደ ቀዳዳዋ አስጠጋሁት። ከታች ያ ቀስ ያለ፣ እርጥብ፣ የማይቸኩል የማመንዠግ ድምፅ ይሰማል። ክንዴ እስኪዝል ያዝኩት። ከዚያ ወደ ጆሮዬ መለስኩት።

«ይቺ ቦራ አይደለችም» አሉ።

አልጮኹም። እናና በስልክ ሳይጮኹ ሲናገሩ የመጀመሪያዬ ነው። አባቴን አየሁት። ወደ ጣሪያው እያየ ነው።

«ልጇ ናት፣ እናና። ቦራን... ለቆርቆሮው ሸጥናት።»

«ከበታቼ ሆና ስታሞቀኝ የኖረችውን ከራሴ በላይ ሰቀላችኋት?»

አባቴ መጥቶ ስልኩን ተቀበለኝ። እጁ እንደ ጊደሯ ትንፋሽ ይሞቃል።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። ክፍሉ ለእርስዎ ነው። እኔ እኮ...» ቆመ። ዙሪያውን ያየው አጥር የሚፈልግ መሰለኝ። «ናፍቀውኛል።»

«ምን አልክ? አይሰማም!»

«ናፍቀውኛል!»

«ጮክ በል!»

«ናፍቀውኛል እኮ ነው የምለው!» ብሎ ጮኸ። እናቴ ከጓሮ እጇን እየጠረገች ብቅ አለች። ከአጥሩ ማዶ ጎረቤቶቹ ወሬያቸውን አቆሙ። ቡና ሊጠጣ የመጣው አያ ታዘበው እጁን ወደ ስኒው ሰድዶ እንደዚያው ቀረ። ከታች ጊደሯ ብቻ ማመንዠጓን አላቋረጠችም።

«ጊደሯ እንደ እናቷ በግራዋ ነው የምታመነዥገው» አሉ እናና። እንዴት እንዳወቁ አትጠይቁኝ። «በእግሬ እመጣለሁ ብዬ ነበር። ስለ ቦራ ቅጣታችሁ ነው፣ በበቅሎ ነው የምመጣ። በቅሎዋን ራስህ ይዘህ ና፣ ሌላ ሰው እንዳትልክ።»

አባቴ ሰኞ ጎህ ሳይቀድ ወረደ። ስለ አጥር አንድም ቃል አልተናገረም።

ዛሬ ረቡዕ ነው። ይህንን የምጽፈው በእናና ክፍል፣ በሆዴ ተኝቼ፣ ደብተሬን ጣውላው ላይ አድርጌ ነው። በየመሐሉ ብድግ እያልኩ በመስኮቱ መንገዱን አያለሁ። እስካሁን የመጣ የለም። የበቅሎ ኮቴ የመሰለኝ ሁለቴ አህያ ሆኗል፣ አንዴም የራሴ ልብ።

እውነቱን ልናገር። ጊደሯ ብቻዋን ክፍሉን ሁሉ አታሞቀውም። በሬዎቹ ማታ ሲገቡ የመካከሉ ይሞቃል፤ የእናና መደብ ያለበት ጥግ ግን ለብ ከማለት አያልፍም። ከሰኞ ጀምሮ እዚያ ጥግ ላይ እኔ ነኝ የምተኛው። እስኪመጡ ድረስ እያሞቅሁት ነው።